ሐዲስ ዓለማየሁ፦ ከብራና ወደ ድምፅ፣ ከድምፅ ወደ ምስል

በዚህ ዕትም የደራሲውንና የዲፕሎማቱን የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን የሕይወት ታሪክ ለማቅረብ የተነሣነው በማደሪያችን በተነሣ አንድ ክርክር ምክንያት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በ2017 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» በዳይሬክተር ሰውመሆን ይስማው ተዘጋጅቶ በኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ መቅረብ ሲጀምር፣ እዚህ ሪያድ የምንገኝ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ከሁለት ተከፈልን። ግማሾቻችን ከሆስፒታል ልምምድ እንደተመለስን ነጭ ካፖርታችንን እንኳ ሳናወልቅ በአንዲት ስልክ ዙሪያ ተኮልኩለን ለማየት ቸኮልን። የቀሩት ግን ፊታቸውን አዞሩ። ከእነርሱም አንዱ፣ እኛ ድራማውን በምናይበት ሰዓት፣ ማዳመጫውን በጆሮው ሰክቶ የጥንቱን የሬዲዮ ትረካ ከፍቶ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይተኛ ነበር።

መጀመሪያ ነገሩን የአንድ ሰው አመል አድርገን ስቀን አለፍነው። ነገር ግን አርብ ቀን እንደ ልማዳችን ወደ መንፉሃ ወርደን ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ስንቀመጥ ያው ክርክር ከእኛ ቀድሞ እዚያ ደርሶ አገኘነው። በዚህ አገር ብዙ ዓመት የኖሩ አንዲት እናት የሰብለ ወንጌልን መልክ ከልጅነታቸው ጀምሮ በልባቸው ይዘው እንደኖሩ፣ አሁን ሌላ መልክ ሲያሳዩዋቸው ዘመድ የተለወጠባቸው ያህል እንደከበዳቸው ነገሩን። አጠገባቸው የተቀመጡት ሴት ግን በጣም ተደስተው ነበር። ሪያድ የተወለዱት ልጆቻቸው አማርኛ ይሰማሉ እንጂ ማንበብ አይችሉም፤ ከ500 ገጽ በላይ የሆነውን መጽሐፍ በሌላ በምን መንገድ ሊያገኙት ይችላሉ? እኛም ከሁለቱ እናቶች የትኛዋ ትክክል እንደሆኑ ለመፍረድ አቃተን። ስለዚህ ወደ ደራሲው ሕይወት መመለስ ይሻላል አልን፤ ምናልባት ደራሲው መጽሐፋቸውን ምን እንዲሆን እንደጻፉት ከኑሯቸው መረዳት ይቻል ይሆናል በሚል አሳብ ነው።

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ግን ይህ ጭንቀት የእኛ ብቻ አለመሆኑን ለማስታወስ ያህል አንድ ሁለት ነገር እንበል። የሳዑዲ ተማሪ ጓደኞቻችን ስለ «ጣሽ ማ ጣሽ» ሲያወሩ ልክ እንደ እኛ ናቸው። ይህ የቀልድ ድራማ እ.ኤ.አ. በ1993 ተጀምሮ በረመዳን ምሽቶች ከፍጡር በኋላ ቤተሰብን በአንድ ክፍል ሲሰበስብ ከቆየ በኋላ በ2011 ተቋረጠ። በ2023 ረመዳን ተመልሶ ሲመጣ ልጆች ሆነው ያዩት ሁሉ በአንድ በኩል ጓጉ፣ በሌላ በኩል ደግሞ የልጅነታቸው ሳቅ እንዳይበላሽባቸው ፈሩ። ፈረንጆቹም ዘንድ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተጀመረው «ሚሽን ኢምፖሲብል» የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ በ1996 ወደ ሲኒማ ሲገባ፣ ተመልካቹ ለዓመታት ሲያከብረው የኖረው የቡድኑ አለቃ ጂም ፌልፕስ በፊልሙ ከሃዲ ሆኖ ቀረበ። የድሮ ተመልካቾችና የድሮ ተዋንያን በዚህ ክፉኛ አዘኑ። የእኛ ጉዳይ ከዚህ የሚለይበት ነገር ቢኖር የእኛ ጥንታዊ ሥራ ከቴሌቪዥን ሳይሆን ከሬዲዮ የመጣ መሆኑ ነው፤ ማለትም መልክ የሌለው፣ ድምፅ ብቻ የነበረ ነው። ለዚህም ነው ክርክሩ የበረታው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም፣ በደብረ ማርቆስ አካባቢ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። አባታቸው አባ ዓለማየሁ ሰሎሞን፣ እናታቸው ወይዘሮ ደስታ ዓለሙ ይባላሉ። የዘመኑ ልጅ ሊማር የሚችለው ከቤተ ክርስቲያን ነበርና ንባቡንና ዜማውን ከጨረሱ በኋላ ቅኔ ለመማር በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ተዘዋወሩ። እነዚህ ስሞች «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ላነበበ ሰው እንግዳ አይደሉም፤ በዛብህም ወደ ዲማ የሄደ ቅኔ ተማሪ ነውና። ከመካከላችን ከወሎ የመጣነው ይህን የትምህርት ዘመን ስናነብ የምናስበው ሌላ ነገር ነው። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ከውሻ እየተከላከለ እህል እየለመነ እንደሚማር ሁሉ፣ በእኛም አገር ደረሳው ኪታቡን ይዞ ከአንዱ ሸኽ ወደ ሌላው ሸኽ እየተሻገረ፣ የመንደሩን ቁራሽ እየበላ ነበር የሚቀራው። የአያቶቻችን ታሪክ ነው። ስለዚህ የሐዲስን ልጅነት የሌላ ሰው ታሪክ አድርገን ልናየው አልቻልንም።

ከዚያ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ። ገና በወጣትነታቸውም «የሐበሻና የወደኋላ ጋብቻ» የሚል ተውኔት ጻፉ። ርእሱ ብቻ ብዙ ይናገራል፤ ሐበሻ ኋላ ቀርነትን አግብቶ ተቀምጧል ማለታቸው ነው። ከቅኔ ቤት ወጥቶ ብዙ ዓመት ያልቆየ ወጣት አሳቡን ለመግለጽ መድረክን መምረጡን ልብ በሉልን። አሳብ በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በሰው ገላና በሰው አንደበት ሊገለጽ እንደሚችል ገና ከመነሻው የገባቸው ሰው ነበሩ። ከዚህ በኋላ በዳንግላ በጉምሩክ፣ በደብረ ማርቆስም በመምህርነት አገልግለዋል።

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አገራችንን ሲወር ሐዲስ ከራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ሠራዊት ጋር ወደ ሽሬ ግንባር ዘመቱ። የሽሬው ጦር ከተፈታ በኋላም መሣሪያቸውን አላስቀመጡም፤ ከራስ እምሩ ጋር ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሄደው በጎሬና በአካባቢው ትግሉን ቀጠሉ። በዚያ ጊዜ የጥቁር አንበሳ ማኅበር የተባለው የወጣት መኰንኖችና የተማሩ ሰዎች ስብስብ ራስ እምሩን መሪ እንዲሆኑት ጠይቆ ነበር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ደግሞ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ፤ ሕክምና የምናጠና ሰዎች በመሆናችን ይህን ሳንጠቅስ ማለፍ አልቻልንም። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጦሩ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከቦ ራስ እምሩ ከነተከታዮቻቸው ተማረኩ። ሐዲስ ያን ጊዜ 27 ዓመታቸው ነበር። ከእኛ ብዙም አይበልጡም።

ከምርኮ በኋላ ወደ ኢጣሊያ ተወስደው መጀመሪያ በፖንዛ፣ ቀጥሎም በሊፓሪ ደሴት ታሰሩ። ሰባት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በባሕር ተከበው ኖሩ። ፖንዛን በተመለከተ ታሪክ የሠራችው አንድ ቀልድ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1943 ክረምት ሙሶሊኒ ከሥልጣን ሲወርድ የገዛ መንግሥቱ ለጥቂት ቀናት የላከው ወደዚያችው ወደ ፖንዛ ነበር። የተባበሩት ኃይሎች ሲሲሊን ከያዙ በኋላ የሊፓሪ እስረኞች ተፈቱና ሐዲስ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዚያ ደሴት የቆዩበትን ዘመንና ጦርነቱን ከብዙ ጊዜ በኋላ በ1985 ዓ.ም. ባሳተሙት «ትዝታ» በተሰኘው መጽሐፋቸው ገልጸውታል። ከአገር ርቆ መኖር ሰውን አገሩን በዝርዝር እንዲያስታውስ ያደርገዋል ይባላል። ይህን እኛም በመጠኑ እናውቀዋለን፤ በሪያድ የሐምሌ ሙቀት ውስጥ ተቀምጠን የክረምት ጭቃ ሽታ የሚናፍቀን ጊዜ አለ። የእኛ ግን በፈቃድ የመጣ፣ የመመለሻ ትኬት ያለው ርቀት ነው፤ ከእስር ጋር ማወዳደር አይገባንም።

ከነፃነት በኋላ ያለው የሐዲስ ኑሮ በአብዛኛው የመንግሥት ሥራ ስለሆነ ባጭሩ እናልፈዋለን። በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ገቡ፤ በኢየሩሳሌም ቆንሲል ሆኑ፤ በዋሽንግተንና በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አገራቸውን ወክለው ሠሩ፤ በትምህርትና በፕላንና ልማት ሚኒስቴሮች በከፍተኛ ኃላፊነት ተቀመጡ፤ በለንደንም አምባሳደር ነበሩ። በመጨረሻም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆኑ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የእኛን ዓይን የሳበው አንድ ትንሽ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 በአትላንቲክ ሲቲ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ጉባኤ ኢትዮጵያን ከወከሉት አንዱ ሐዲስ ነበሩ። መንግሥታት የሬዲዮ ሞገድን ለመከፋፈል በተቀመጡበት ጉባኤ የተገኙት ሰው፣ ከ30 ዓመት ግድም በኋላ የገዛ ድርሰታቸው በዚያው ሞገድ ላይ ተጭኖ ከቤት ወደ ቤት እንደሚገባ በዚያን ቀን ሊያስቡት አይችሉም ነበር።

የመጀመሪያ የልብ ወለድ ነክ ሥራቸው «ተረት ተረት የመሠረት» በ1948 ዓ.ም. ታተመ። ከዚያ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጣ። መጽሐፉን የጻፉት በለንደን በአምባሳደርነት በነበሩበት ዘመን እንደሆነ ይነገራል። ታሪኩን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ቢሆንም ለውጭ አገር ጓደኞቻችን ስንል በአጭሩ እንገልጸዋለን። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ የተባሉ የማንኩሳ ባልና ሚስት በዛብህ የተባለ ልጅ ይወልዳሉ። ልጁ በሕፃንነቱ ሲታመምባቸው፣ ከዳነ ሚስት ሳያገባ ዕድሜውን ሁሉ ለእግዚአብሔር አገልጋይ እንዲሆን ስለት ይሳላሉ። በዛብህም ድኖ፣ አድጎ፣ ተምሮ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ለማስተማር በገባበት ቤት ከተማሪው ጋር በፍቅር ይወድቃል። በአንድ በኩል ስለቱ፣ በሌላ በኩል የባላባቱ ዘር ቆጠራ ሁለቱን ይለያያቸዋል። ከዚህ ጋር ፊታውራሪው በገበሬዎቻቸው ላይ የሚጭኑት ግብርና መማለጃ፣ ገበሬዎቹም በአበጀ በለው መሪነት እምቢ ማለታቸው፣ ደግሞም ይህን ሁሉ አይቶ ዝም የማይለው ካሣ ዳምጤ አለ፤ እውነቱን ስለተናገረ እንደ እብድ ተቆጥሮ ጉዱ ካሣ የተባለው ሰው።

እኛ ሕክምና የምናጠና ሰዎች መጽሐፉን እንደገና ስናነበው ያስደነቀን የፍቅሩ ነገር ብቻ አልነበረም። ያስደነቀን ስለቱ ነው። ሐኪም በሌለበት መንደር ልጁ በትኩሳት የሚቃጠልበት እናት በእጇ ያላት መድኃኒት ስለት ብቻ ነው፤ የምትከፍለውም ልጁ ገና ያልኖረውን ዕድሜ ነው። ልጁ ይድናል፤ ዕዳው ግን የእርሱ ይሆናል። በዚህ ላይ በማደሪያችን ብዙ አመሸን። ከመካከላችን ለነፃ ትምህርት ዕድል ሲመረጥ እናቱ ሐኪም ሆኖ እንዲመለስላት ያልተሳለች፣ ሰደቃ ያላወጣች፣ ለጎረቤት ሁሉ ቃል ያልገባች ማን ነው? ከክፍላችን አንዱ ሕክምናን እንደማይወድ፣ ሌላ ነገር ማጥናት እንደሚሻ ሁላችንም እናውቃለን፤ ለቤተሰቡ ግን እስከ ዛሬ አልነገረም። በዛብህ የእኛ ጓደኛ ነው። በመንገድ ሽፍቶች ካቆሰሉት በኋላ የሚሞትበትን ምዕራፍ ስናነብም ከመካከላችን አንዳንዶች እንደ ልማዳቸው ስለ ቁስሉ መመርቀዝና ስለ ሕክምናው መከራከር ጀምረው ነበር፤ ሌሎቻችን ዝም አሰኘናቸው።

አሁን ወደ ክርክራችን የሚመልሰንን ነገር እናንሣ። ሐዲስ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ በአማርኛ ፊደል ላይ ለውጥ እንዲደረግ የሚሹ ሰው ነበሩ። በድምፅ አንድ የሆኑት ፊደላት መደጋገማቸው አላስፈላጊ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ከዚህም በላይ ሌላ ነገር አድርገዋል፤ በንባብ ጊዜ ጠብቀው በሚነገሩት ፊደላት አናት ላይ የነጥብ ምልክት አስቀመጡ። እንደሚታወቀው በእኛ ጽሕፈት አንድ ቃል ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ ይለያያል፤ «አለ» ብለን ስንጽፍ ተናገረ ማለት ይሁን ወይስ ይገኛል ማለት ይሁን ፊደሉ ራሱ አይነግረንም። ሐዲስ ይህን ለአንባቢው ግምት መተው አልፈለጉም። ስለዚህ ለአታሚው አስቸጋሪ፣ ለዓይን ያልተለመደ ቢሆንም በየቃሉ ላይ ነጥብ እየለቀሙ አስቀመጡ። ይህ የሚያሳየን ቅኔ ቤት ያደጉት ሰው ጽሑፋቸው በዓይን ብቻ ታይቶ እንዲያልፍ ሳይሆን በጆሮ እንዲሰማ መፈለጋቸውን ነው። መጽሐፉ ገና ከማተሚያ ቤት ሲወጣ ድምፅ ይጠብቅ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ያም ድምፅ መጣ። በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው ዝግጅት የመድረክ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ተረከው። ወጋየሁ መጽሐፉን አነበበ ማለት ይከብዳል፤ በአንድ ጉሮሮ ፊታውራሪ መሸሻንም፣ ጉዱ ካሣንም፣ ሰብለ ወንጌልንም ሆነ። ወላጆቻችን የሚነግሩን በዚያ ሰዓት ሥራ እንደሚቆም፣ ሬዲዮ ያለው ሰው ቤት ጎረቤት ሁሉ እንደሚሰበሰብ ነው። ማንበብ የማይችሉ አያቶቻችን የበዛብህን ሞት የሰሙት ከእርሱ አፍ ነው። ወጋየሁ ከሞተ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ድምፁ ግን በካሴት ተገልብጦ፣ ከካሴት ወደ ስልክ ተሻግሮ እዚህ ሪያድ ከአንድ ተማሪ ትራስ ሥር ደርሷል። ከእኛ መካከል ብዙዎቹ መጽሐፉን ሲያነብቡ እንኳ የሚሰሙት የራሳቸውን ድምፅ ሳይሆን የወጋየሁን ነው።

እንግዲህ ድራማውን የማያዩት ጓደኞቻችን ስጋት ከዚህ የመነጨ ነው። ድምፅ ለሰሚው ቦታ ይተዋል። መንፉሃ ያገኘናቸው እናት የሰብለ ወንጌልን መልክ ራሳቸው ሠርተውታል፤ በሰፈራቸው ካዩዋት አንዲት ቆንጆ ዓይን፣ ከሌላዋ ደግሞ ሹሩባ ወስደው። ምስል ግን ይህን ቦታ ይይዘዋል። አንድ ጊዜ የተዋናይዋን ፊት ካዩ በኋላ የድሮውን ፊት መልሶ ማግኘት ያስቸግራል። ይህ ስጋት እውነት ነው፤ እኛም በራሳችን ላይ አይተነዋል።

ነገር ግን ለጓደኞቻችን አንድ ነገር እናስታውሳቸዋለን። እነርሱ እንደ መነሻ አድርገው የሚጠብቁት የወጋየሁ ትረካ ራሱ ቅጂ ነው፤ ከወረቀት ወደ ድምፅ የተለወጠ። ወጋየሁ ከመምጣቱ በፊት መጽሐፉን ያነበበ ሰው ለጉዱ ካሣ የራሱን ድምፅ ሰጥቶት ነበር፤ ያን ድምፅ ወጋየሁ አጠፋበት። ማንም ግን በዚህ አላዘነም፤ ምክንያቱም የወጋየሁ ጉዱ ካሣ ከመጽሐፉ የተቆረሰ ነገር አልነበረም፣ እዚያው መጽሐፉ ውስጥ የነበረውን ቁጣ ነው ያሰማን። ስለዚህ ስለ ድራማውም መጠየቅ የሚገባን ተዋናይዋ ሰብለ ወንጌልን መሰለች አልመሰለችም፣ ካባው ትክክል ነው አይደለም፣ የፈረሱ መጣምር የዘመኑ ነው አይደለም የሚለውን አይመስለንም። በመካከላችን ግን ከሁሉ በላይ ጊዜ የወሰደው ክርክር፣ እናፍራለን እንጂ፣ የፈረሱ ነገር ነበር።

እኛ የምንፈራው ሌላ ነው። ፍቅር ለካሜራ ይመቻል። ሁለት ወጣቶች፣ የጎጃም አረንጓዴ ሜዳ፣ ዋሽንት ከበስተኋላ ካለ ተመልካች አይጠፋም። የስለቱ ነገር፣ የገበሬው ግብር፣ የጉዱ ካሣ ረጅም ሙግት ግን ለካሜራ አይመችም፤ ሰው ቆሞ ሲከራከር ማሳየት አሰልቺ ነው ተብሎ ሊቆረጥ ይችላል። ይህ የትኛውም አዘጋጅ የሚገጥመው ፈተና ነው። መጽሐፉ የወጣው ከ1966ቱ አብዮት ስምንት ዓመት ቀድሞ መሆኑን እናስብ። የባላባቱን ሥርዓት ውስጡን እየኖሩበት፣ በዚያው ሥርዓት ከፍተኛ ሹመት ይዘው እያሉ የጻፉት ሰው ናቸው። የጉዱ ካሣ ሙግት ቢወጣ «ፍቅር እስከ መቃብር» በሌላ አገርም ሊጻፍ የሚችል የሁለት ወጣቶች ታሪክ ይሆናል። ተስፋችንም እዚሁ ላይ ነው፤ ተከታታይ ድራማ ከፊልም ይልቅ ጊዜ አለው፤ በሁለት ሰዓት የማይበቃውን በብዙ ሳምንት ሊናገር ይችላል። የሚያዘጋጁትም ሰዎች ያደጉት እንደ እኛ በወጋየሁ ድምፅ ነው፤ እኛ የምንወደውን እነርሱም ይወዱታል ብለን እናምናለን።

ወደ ደራሲው እንመለስ። በ1966 ዓ.ም. አገር ስትናወጥ ሐዲስ «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል» የሚል ጽሑፍ አሳተሙ። በዚያው ዘመን ደርግ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ሹመት ሊሰጣቸው ጠይቋቸው እንዳልተቀበሉ ይነገራል። ከመንግሥት ሥራ ርቀው ወደ ጽሕፈት ተመለሱ፤ በ1974 ዓ.ም. «ወንጀለኛው ዳኛ»ን፣ በ1980 ዓ.ም. «የልምዣት»ን አወጡ። እውነቱን ለመናገር እነዚህን ሁለቱን ከመካከላችን ያነበበ አንድ ሰው ብቻ ነው የተገኘው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ጥላ ወንድሞቹን ሸፍኗቸዋል፤ ማን ያውቃል፣ የድራማው ዘመን ለእነርሱም አንባቢ ያመጣላቸው ይሆናል። ሐዲስ ልጅ አልወለዱም። በ1991 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው፤ በኅዳር 1996 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ግድም ዐረፉ። ብዙዎቻችን ያን ጊዜ ገና ዳዴ የምንል ሕፃናት ነበርን።

ይህን ጽሑፍ እያዘጋጀን ሳለን ያ ማዳመጫውን ሰክቶ የሚተኛው ጓደኛችን ባለፈው አርብ አብሮን ወደ መንፉሃ ወረደ። ደስተኛዋ እናት ትንሹን ልጃቸውን ይዘው መጥተው ነበር። ልጁ ድራማውን እያየ ነውና ጉዱ ካሣን ሰዎች ለምን እብድ እንደሚሉት፣ በእርግጥ እብድ እንደሆነና እንዳልሆነ ግማሽ አማርኛ ግማሽ ዓረብኛ በሆነ ቋንቋ ጠየቀን። ሁላችንም በአንድ ጊዜ ልንመልስለት ስንጀምር ጓደኛችን ምንም ሳይናገር ከማዳመጫው አንዱን ጆሮ ነቅሎ ሰጠው፤ የወጋየሁንም ትረካ ከዚያው ከጉዱ ካሣ ቦታ ከፈተለት። ልጁ ሩብ ሰዓት ያህል ጸጥ ብሎ ሰማ፤ በየመሀሉም የማይገባውን ቃል እየጠየቀ ያቋርጥ ነበር። ከዚያ በእናቱ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰደው። እኛም በማግስቱ ጠዋት ተረኞች ስለነበርን ሒሳባችንን ከፍለን ተነሣን፤ ጓደኛችን ግን ማዳመጫውን ከልጁ ጆሮ ላለመንቀል ሲል ትንሽ ቆይቶ ነው የተከተለን።